«አልነሣም» ያለው ሰርቨር፦ ስለ ሥሪት አለመጣጣምና ስለ አንድ የደዶ ገጠመኝ

በፋኩልቲው ለተማሪዎችና ለመምህራን የቀረበ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ



ወደዚህ መድረክ ስጋበዝ አዘጋጆቹ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት እንድናገር ጠብቀው እንደነበር እገምታለሁ። እኔ የመረጥሁት ጉዳይ ከዚያ በብዙ ዝቅ ያለ ነው። ትናንት ማታ በሰላም ይሠራ የነበረ ሰርቨር፣ ማሻሻያ ከተደረገለት በኋላ ዛሬ ጠዋት «አልነሣም» ቢል ምን ይደረጋል? በየክፍላችን ፕሮግራም መጻፍ እናስተምራለን። የተጻፈው ፕሮግራም ከዓመታት በኋላ በሌላ ሰው እጅ ሲሰናከል ምን እንደሚደረግ ግን እምብዛም አናስተምርም። እኔም በክፍል ውስጥ አልተማርሁትም። የተማርሁት በወጣትነቴ የአንድ መሥሪያ ቤት የሁለት ዓመት መዝገብ በገዛ እጄ አጥፍቼ ነው። ስለዚያ ዛሬ ብዙ አልናገርም፤ የሚቀጥለውን ታሪክ ስነግራችሁ ግን ከፈራጅ ወንበር ላይ ተቀምጬ እንዳልሆነ እንድታውቁልኝ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በአንድ እሑድ ጠዋት፣ ከደዶ ስልክ ተደወለልኝ። ደዶን የማታውቁ ብትኖሩ፣ ከጅማ ወደ ደቡብ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ ወረዳ ነው፤ መንገዱ ከከተማው ወጥቶ ወደ ደጋው ሲያቀና ቡናው እየሳሳ ገብሱ ይተካል፣ ብርዱም ይጀምራል። የደወለችው ከዚሁ ከእኛ ዘንድ ተመርቃ፣ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ተቋም ውስጥ የመረጃ ባለሙያ ሆና የምትሠራ ወጣት ናት።

«መምህር፣ በእሑድ ስለረበሽሁዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሰርቨሩ እምቢ አለ።»

«ምን ብሎ?»

«ምንም አይልም። አገልግሎቱ ደህና ነው ይላል፤ ፕሮግራሙ ግን አይከፈትም።»

«እስካሁን ምን ምን አደረግሽ?»

እዚህ ላይ ዝም አለች። የዝምታውን ትርጉም አውቀዋለሁ፤ ሰው ሦስት ቀን ብቻውን ከማሽን ጋር ታግሎ ያደረገውን ሁሉ ለመናገር ሲያፍር የሚመጣ ዝምታ ነው። ቀስ በቀስ ነገረችኝ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ስክሪኑ ላይ «አዲስ የኡቡንቱ ሥሪት አለ፣ ይሻሻል?» የሚል ጥያቄ መጣ፤ እሺ አለችው። በመጨረሻ «ያረጁ ጥቅሎች ይወገዱ?» ብሎ ሲጠይቃት ይህንንም እሺ አለች። ማሽኑ ተዘግቶ ሲነሣ የታካሚዎች ክትትል ፕሮግራሙ ዳታቤዙን ማግኘት አልቻለም። ቅዳሜ ከኢንተርኔት ባገኘችው ምክር መሠረት አዲሱን ዳታቤዝ ወደ አሮጌው የመረጃ ማኅደር አዞረችው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ጭራሽ አልነሣም አለ። እሑድ ጠዋት ሌላ ምክር አገኘች፦ ማኅደሩን ሰርዞ ከባዶ መጀመር። ትእዛዙን ጽፋው ነበር።

«ቁልፉን ከመጫኔ በፊት እርስዎን ልጠይቅ ብዬ ነው» አለችኝ።

«ምንም አትንኪ። እጅሽን ከቁልፍ ሰሌዳው ላይ አንሺ። መጣሁ» አልኋት።

ነገሩ እንዲህ ያስጨነቃት ያለ ምክንያት አልነበረም። በአገራችን ጤና ተቋማት የሪፖርት ወር የሚዘጋው ወሩ በገባ በ20ኛው ቀን ነው፤ ቀኑ ቀርቦ ነበር። ከሪፖርቱ በላይ ደግሞ የታካሚዎቹ የቀጠሮ ቀንና የመድኃኒት ታሪክ በዚያ ማሽን ውስጥ ነበር። ማሽኑም የምታስቡት ዓይነት ሰርቨር እንዳይመስላችሁ። ጠረጴዛ ሥር የተቀመጠ፣ አቧራ እንዳይነካው ጨርቅ ጣል የተደረገበት ተራ ኮምፒውተር ነው። በየገጠሩ ብዙ የሕዝብ መረጃ የተሸከመው እንዲህ ያለ ማሽን ስለሆነ ልንንቀው አይገባም።

አሁን ወደ ቴክኒኩ ልግባ። እዚህ ላይ ትንሽ ብቆይ ታግሣችሁ ስሙኝ።

መጀመሪያ «አገልግሎቱ ደህና ነው» የሚለው መልስ። በኡቡንቱ ላይ የፖስትግሬስኪውኤል ዳታቤዝ ሁኔታ ሲጠየቅ «ንቁ ነው፤ ሥራውን ጨርሶ ወጥቷል» የሚል መልስ በአረንጓዴ ይሰጣል። ብዙ ሰው በዚህ ይታለላል። በዚያ ስም የተጠራው አገልግሎት ጃንጥላ ብቻ ነውና። እውነተኛዎቹ አገልግሎቶች በጃንጥላው ሥር በየሥሪታቸው የተመዘገቡ ናቸው፤ ሁሉም ወድቀው ጃንጥላው ተዘርግቶ ሊታይ ይችላል። ትክክለኛውን መልስ የሚሰጠው በዚህ ሥርዓት ላይ ያሉትን የዳታቤዝ ክላስተሮች የሚዘረዝረው ትእዛዝ ነው። እኔ ደርሼ እሱን ስጽፍ ሁለት መስመር ወጣ። የሥሪት 10 ክላስተር፣ ፖርት 5432፣ «ወድቋል፣ ማስኬጃ ፋይሎቹ የሉም» ይላል። ሁለተኛው የሥሪት 12 ክላስተር ነው፤ ፖርቱ 5433።

ከነዚህ ሁለት መስመሮች ሙሉው ታሪክ ይነበባል። ኡቡንቱ 18.04 ከፖስትግሬስኪውኤል 10 ጋር ነው የወጣው፤ ኡቡንቱ 20.04 ደግሞ ከ12 ጋር። ማሻሻያው ሲካሄድ አዲሱ ሥሪት ከአሮጌው ጎን ይተከላል እንጂ የአሮጌውን መረጃ አይነካም። 5432 በአሮጌው ስለተያዘ አዲሱ ቀጣዩን ፖርት ይወስዳል። «ያረጁ ጥቅሎች ይወገዱ?» የሚለው ጥያቄ እሺ ሲባል የተወገደው አሮጌው ፕሮግራም ነው፤ አሮጌው መረጃ ግን በቦታው አለ። ስለዚህ በዚያ ማሽን ላይ አንባቢ የሌለው ሙሉ መዝገብና መዝገብ የሌለው አንባቢ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር። የክትትል ፕሮግራሙ 5432ን ሲያንኳኳ የሚከፍትለት አጣ።

ቅዳሜ ዕለት የሆነውስ? አዲሱን አንባቢ በአሮጌው መዝገብ ላይ ስታስቀምጠው፣ ሎጉ ላይ የተጻፈው መልእክት በአማርኛ ሲመለስ እንዲህ ነው፦ የዳታቤዝ ፋይሎቹ ከሰርቨሩ ጋር አይጣጣሙም፤ ማኅደሩ የተመሠረተው በሥሪት 10 ነው፣ ከዚህ ሥሪት 12 ጋር አይሄድም። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ንግግር ከማሽን መጠበቅ አይቻልም። ልጅቷ ግን አላየችውም፤ ሎጉ የተጻፈው ቫር በሚባለው ማውጫ፣ ሎግ በሚባለው ንዑስ ማውጫ ሥር ነው፤ እሷ የምታየው ስክሪኑን ነበር። ተማሪዎቼ፣ ማሽን እምቢ ሲላችሁ መጀመሪያ የምትሄዱት ወደ ፍለጋ ሞተር ሳይሆን ወደ ሎጉ ይሁን። የሌላ ሰው ችግር መፍትሔ ከማንበባችሁ በፊት የራሳችሁን ማሽን ቅሬታ አንብቡ።

በዚህ አካባቢ ያደገ ሰው እሸት ቡናና ጀንፈል ለአንድ ዓይነት መፈልፈያ እንደማይሰጡ ያውቃል። እሸቱን ለመፈልፈል የተሠራ ማሽን ላይ የደረቀ ጀንፈል ቢደፋበት ማሽኑ ይታነቃል። ቡናው ጤነኛ ነው፤ ማሽኑም ጤነኛ ነው። ማሽኑ ስለታነቀ ጀንፈሉን ወንዝ የሚደፋ ገበሬ ግን አላየሁም። እኛ የኮምፒውተር ሰዎች ይህን ስናደርግ እንገኛለን።

አለመጣጣሙ ከየት መጣ? ከሥሪት 10 ጀምሮ፣ ማለትም ከጥቅምት 2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ የፖስትግሬስኪውኤል ዋና ሥሪት የሚታወቀው በመጀመሪያው ቁጥር ነው። ከ10.1 ወደ 10.2 መሄድ ስህተት ማረም ነው፤ ፋይሎቹ እንዳሉ ይቀጥላሉ። ከ10 ወደ 12 መሄድ ግን የቤቱን የውስጥ ክፍፍል መለወጥ ነው። አንድ ምሳሌ ልስጥ። ዳታቤዙ ስለ ራሱ የሚይዛቸው ሠንጠረዦች፣ ማለትም የትኛው ሠንጠረዥ የት እንዳለ የሚናገሩት፣ እስከ ሥሪት 11 ድረስ የመለያ ቁጥራቸውን በተሰወረ ዓምድ ነበር የሚይዙት። በሥሪት 12 ያ የተሰወረ ዓምድ ቀርቶ ተራ ዓምድ ሆነ። ሥሪት 12 የሥሪት 10ን ማኅደር በግድ ቢያነብ፣ አንዱን ዓምድ በሌላው ቦታ እያነበበ፣ ባልገባው ነገር ላይ መጻፍ ይጀምር ነበር። ይህ እንዳይሆን በማኅደሩ ውስጥ አንዲት ትንሽ ፋይል አለች፤ በውስጧ ያለው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፦ 10። ሰርቨሩ ሲነሣ በቅድሚያ እሷን ያነባል። ያችን ቁጥር በጽሑፍ ማረሚያ ከፍቶ 12 ብሎ ለማለፍ የሚሞክር ብልጥ አይጠፋም፤ ከእሷ በስተኋላ ግን ሌላ የቁጥጥር ፋይል ተቀምጧል፣ እሱም የራሱን ማረጋገጫ ይጠይቃል።

እንግዲህ መፍትሔው። የመጀመሪያው እርምጃ ሰርቨሩን ማስነሣት አይደለም። የመጀመሪያው እርምጃ ሁሉንም የዳታቤዝ አገልግሎት አጥፍቶ ማኅደሩን እንዳለ ወደ ውጭ ዲስክ መቅዳት ነው። እኛም ጀመርን። በመሃል መብራት ሄደ። ሲመለስ ከመጀመሪያው ጀመርን፤ ሁለት ቅጂ ሠራን። አንዱን እኔ በቦርሳዬ ይዤ ልወጣ ስል የተቋሙ ኃላፊ «የሰው የሕመም ታሪክ በቦርሳ ይዘው የት ይሄዳሉ?» ብለው አስቆሙኝ። ልክ ነበሩ፤ አፈርሁ። ሁለቱም ቅጂዎች እዚያው ካዝና ውስጥ ተቆለፉ።

ሁለተኛው እርምጃ አሮጌውን አንባቢ መመለስ ነበር። የፖስትግሬስኪውኤል ማኅበረሰብ ለእያንዳንዱ ዋና ሥሪት የአምስት ዓመት ድጋፍ ይሰጣል፤ በራሱ የጥቅል ማከማቻም በኡቡንቱ ከሚመጣው ሌላ ያሉትን ሥሪቶች ያቀርባል። የሥሪት 10ን ጥቅሎች ጅማ ላይ አውርጄ በፍላሽ ይዤ ነበር የሄድሁት። ተከልናቸው፣ የማኅደር አቅጣጫውን ወደ ነበረበት መለስን፤ አሮጌው ክላስተር በፖርት 5432 ላይ ተነሣ። ልጅቷ በእፎይታ ወደ ክትትል ፕሮግራሙ ለመግባት እጇን ዘረጋች፤ «ገና ነው» አልኋት። ቅር አላት። ምክንያቱን ለእናንተ በዝርዝር እነግራችኋለሁ፤ የዛሬው ንግግሬ ዋና ነገርም ይኸው ነው።

ዳታቤዝ ስሞችንና የካርድ ቁጥሮችን በቅደም ተከተል የያዘ ኢንዴክስ ይገነባል። እኛ በመዝገበ ቃላት ቃል ስንፈልግ እንደምናደርገው መሃል ገልጦ «ከዚህ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» እያለ ይፈልጋል። ከፊደል የትኛው እንደሚቀድም የሚወስነውን ደንብ ግን ፖስትግሬስኪውኤል እንደ ልማዱ ከሥርዓተ ክወናው ይዋሳል፤ በሊኑክስ ላይ ደንቡ ያለው ግሊብሲ በሚባለው መሠረታዊ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ይህ ደንብ በሥሪት 2.28፣ በ2018 እ.ኤ.አ.፣ በስፋት ተለወጠ። ኡቡንቱ 18.04 የሚይዘው 2.27 ነው፤ 20.04 ደግሞ 2.31። ለውጡን በሁለት ቃላት ማየት ይቻላል። «11» እና «1-1» የሚሉትን በተለመደው የእንግሊዝኛ ቋንቋ ቅንብር ደርድር ብንለው አሮጌው ደንብ «11»ን ያስቀድማል፤ አዲሱ «1-1»ን። ሰረዝ ያለበት የካርድ ቁጥር የሚጠቀም ተቋም ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

በአሮጌ ደንብ የተደረደረ ኢንዴክስ በአዲስ ደንብ ሲፈለግበት ፍለጋው በተሳሳተ ገጽ ይወርዳል። ካርዱ ኖሮ ሳለ «የለም» ይላል። የመዝገብ ሠራተኛዋ ታካሚው አዲስ ነው ብላ ሌላ ካርድ ታወጣለች። ድግግሞሽ ይከለክላል የተባለው ኢንዴክስም አያይምና ዝም ብሎ ያሳልፋል። አንዱ ሰው በሁለት ካርድ፣ ግማሹ የመድኃኒት ታሪኩ እዚህ፣ ግማሹ እዚያ ይሆናል። በዚህ ሁሉ መሃል ሰርቨሩ በሰላም ይሠራል፤ ሎጉም ቀይ አይጽፍም። ልብ በሉ፦ ልጅቷ «ያረጁ ጥቅሎች ይወገዱ?» ለሚለው ጥያቄ እንቢ ብትል ኖሮ አሮጌው ክላስተር ዓርብ ማታ ያለ ችግር ይነሣ ነበር፣ ሰኞ ጠዋትም ታካሚ መመዝገብ ይጀመር ነበር፣ እኔንም ማንም አይጠራኝም ነበር። ሦስት ቀን ያስለቀሳት እምቢታ በእነዚያ ሦስት ቀናት አንድም የተሳሳተ ረድፍ እንዳይጻፍ አድርጓል። ይህን ስነግራት አላመነችኝም። «11»ንና «1-1»ን በማሽኑ ላይ ደርድሪ አልኋት፤ ደርድራ አየች።

ስለዚህ የማሻገሪያ መንገዱን መምረጥ ነበረብን። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ፒጂ አፕግሬድ የሚባለው መሣሪያ ነው፤ የአሮጌውንም የአዲሱንም ማስኬጃ ፋይሎች ይፈልጋል፣ የመረጃ ፋይሎቹን እንዳሉ ስለሚወስድ ፈጣን ነው። እንዳሉ ስለሚወስድ ደግሞ የተዛባውንም ኢንዴክስ እንዳለ ይወስደዋል፤ በኋላ ሁሉንም እንደገና መገንባት ግዴታ ይሆናል። ሁለተኛው መረጃውን በጽሑፍ መልክ አውጥቶ በአዲሱ ሥሪት ውስጥ እንደገና መጫን ነው። ይህ ቀርፋፋ ነው፤ ነገር ግን ሠንጠረዦቹን ከዳር እስከ ዳር አንብቦ ያወጣል እንጂ በእነዚያ ኢንዴክሶች ላይ አይመካም፣ ሲጫንም ኢንዴክሱ በአዲሱ ደንብ ከባዶ ይገነባል። መረጃው ትንሽ ስለነበር ሁለተኛውን መረጥን። ለማውጣት የተጠቀምነው የሥሪት 12ን መሣሪያ ነው፤ አዲሱ የአሮጌውን ቋንቋ ያውቃል፣ አሮጌው ግን የአዲሱን ሊያውቅ አይችልም። ሁለተኛው መንገድ ብዙ ጊዜ በብዙ መረጃ ላይ አያዋጣም ይባላል፤ በየወረዳው ላሉት ትናንሽ ማሽኖች ግን ያለ ማመንታት የምመክረው እሱን ነው።

ይህ የዳታቤዝ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጤና ሚኒስቴር በአገር አቀፍ ደረጃ የሚጠቀምበት ዲኤችአይኤስ 2 በጃቫ የተጻፈ፣ በቶምካት ላይ የሚሠራ፣ መረጃውን በፖስትግሬስኪውኤል የሚያስቀምጥ ሶፍትዌር ነው፤ ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ተመርቃችሁ ስትወጡ ይህንኑ ትገናኙታላችሁ። በቶምካት ዘንድ ያለው አለመጣጣም ሌላ መልክ አለው። የጃቫ የድርጅት መለኪያዎች ከኦራክል ወደ ኤክሊፕስ ፋውንዴሽን ሲዛወሩ «ጃቫክስ» የሚለውን ስም ይዞ ማሻሻል አልተፈቀደም፤ ስለዚህ በ2020 እ.ኤ.አ. ጥቅሎቹ «ጃካርታ» ተብለው ተሰየሙ። ቶምካት 9 የድሮውን ስም ያውቃል፤ ቶምካት 10 የሚያውቀው አዲሱን ብቻ ነው። ሥራው አልተለወጠም፣ አድራሻው ተለወጠ። «ጅማ፣ ከፋ ክፍለ ሀገር» ተብሎ የተጻፈ ደብዳቤ ዛሬ ለማያውቅ ፖስተኛ ቢሰጠው እንደማለት ነው። ቶምካቱ ራሱ ይነሣል፤ በውስጡ ያለው ፕሮግራም ግን «ክፍሉ አልተገኘም» ብሎ ይወድቃል። እዚህ መፍትሔው ቀላል ነው፤ ወደ ቶምካት 9 መመለስ፣ ወይም ቶምካት 10 ራሱ የሚሰጠውን መለወጫ መጠቀም። መረጃ ስለማይነካ ብዙ አያስፈራም፣ ብዙም አልቆይበትም።

በኮንቴይነር የምትሠሩም ከዚህ ነፃ አይደላችሁም። የዳታቤዝ ምስሉን ሥሪት በቁጥር ሳትወስኑ «የቅርብ ጊዜው» ብላችሁ የጻፋችሁ ዕለት፣ አንድ ቀን ጠዋት ያችው «በሥሪት 10 ተመሥርቷል» የምትል መልእክት፣ ቁጥሯ ተለውጦ፣ ትጠብቃችኋለች።

ወደ ደዶ ልመለስና ልጨርስ። የአዲሱ ክላስተር ጭነት ሲያልቅ ምሽት ሆኗል። የአሮጌውን አጥፍተን አዲሱን በ5432 ላይ አስቀመጥነው። በየሠንጠረዡ ያሉትን ረድፎች በሁለቱም ወገን ቆጠርን፤ ተመሳሰሉ። እኔ በዚህ ረክቼ ተነሣሁ። እሷ ግን አልተነሣችም። ከመደርደሪያው የወረቀቱን መዝገብ አውጥታ፣ የዓርብን ገጽ ገልጣ፣ ከመጨረሻው ስም ጀምራ ወደ ላይ እያነበበች እያንዳንዱን በፕሮግራሙ ውስጥ ፈለገች። ይህን ያስተማርናት እኛ አይደለንም። ማሻሻያው እስኪጀመር ድረስ የተመዘገቡት ሁሉ ተገኙ። ከዚያ በኋላ፣ ማሽኑ እምቢ ብሎ ሳለ፣ በእጅ ብቻ የተጻፉ ሦስት ስሞች ቀሩ፤ አንዷ የቀጠሮዋ ቀን ሰኞ ነበር።

«መምህር፣ እርስዎ ይሂዱ፣ መንገዱ ይመሽብዎታል» አለችኝና ሦስቱን ማስገባት ጀመረች።